ከሰዳም ላይ ገንዘብ ያለው ሰው

ጥር 20

የሰዳም ቀሪ የወጪ መጋራት ዕዳ 31,740 ብር ነው።

ቁጥሩን ያመጣችው እኅቴ ሀፊሳ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን መንፈቅ ጨርሳለች። ዛሬ የራሷን ውል ልትፈርም ወጪ መጋራት ቢሮ ስትገባ የወንድማችንን ስም ሰጥታ ጠየቀች። ማንም አልላካትም። እራት ላይ ነገረችን። እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«የማን ገንዘብ ነው?» አለች።

«የመንግሥት ነው፣ እማ። ለተማረበትና ለበላበት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልመጡም? ያን ቀን ኸድሬ ተናግሮ የለ እንዴ!»

ኸድሬ የምትለው እኔን፣ ያን ቀን የምትለው የቀብሩን ቀን ነው። ባለፈው ሰኔ ሰዳም ከሽረ ማዶ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓድ ተደረመሰበት። አስከሬኑን በፒክአፕ አምጥተን ከመስገዳችን በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ ከሰጋጆቹ ፊት ቆሜ «ከሰዳም ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዕዳው የእኔ ነው» አልኩ። አባታችን የለም፤ የሚናገረው ታላቅ ወንድም ነው። ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ባለ ሱቅ፣ አንዱ አብሮት ጉድጓድ ይወርድ የነበረ ልጅ። ሁለቱንም ከፈልኩ። መንግሥት ከመጡት መካከል አልነበረም። እኔም ትዝ አላለኝም። በጋዜጣዬ ላይ ስለ ወጪ መጋራት ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ።

እናቴ ገበያ ቅመም ከሚሸጡ የወሎ ሴቶች ጋር ቁብ አላት። በየካቲት መጀመሪያ 48,000 ይደርሳታል። «ከሱ ይከፈላል» አለች። ዕዳ ያለባት ነፍስ ዕዳዋ እስኪከፈል ተንጠልጥላ ትቆያለች ብላ ታምናለች። ስምንት ወር ሙሉ ልጇ ተንጠልጥሎ እንደነበር ዛሬ ማታ መስማቷ ነው።

አልተኛችም። የመቁጠሪያዋ ድምፅ ይሰማኛል።

ጥር 22

ዳኒ ከአዲስ አበባ ደወለ። አዘጋጄ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል።

«ተመራቂ ስንት ያገኛል፣ ስንት ዕዳ አለበት የሚል ነገር ሥራልኝ። ሁሉንም ትምህርት አትነካካ፤ አንድ ብቻ። ሒሳብ ይሁን።»

«ለምን ሒሳብ?»

«አንባቢ ይስቃላ! ሒሳብ ተምሮ ኑሮውን ማስላት ያቃተው ሰው። ርዕሱ ራሱን ይጽፋል።»

ሰዳም ምን እንደተማረ ያውቅ ነበር። ረስቶታል። አላስታወስኩትም። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው፤ ካለፈው ወር ወዲህ አንድም አልወጣልኝም።

ጥር 25

ወጪ መጋራት ቢሮ። ሠራተኛዋ ትምኒት ትባላለች። ከሰው ጋር ስትነጋገር ኮምፒውተሯን ትታ ፊቱን የምታይ ሴት ናት።

«ሓወይ፣ የሞተ ሰው አይጠየቅም» አለችኝ፣ በትግርኛ ወንድሜ ብላ። «አላህ ነፍሱን ይማር። አርፋችሁ ተቀመጡ።»

«እንግዲያው ተሰርዟል ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«እሱማ የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

«ልክፈልና ደረሰኝ ስጡኝ ታዲያ።»

«በማን ስም? ለመክፈል ባለ ዕዳው መጥቶ መፈረም አለበት።» ከዚያ ያለችው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፣ ኸድር ሓወይ። ልጠይቅልህ። ስልክህን ተውልኝ።»

እንደማይጠየቅ፣ እንደማይሰረዝ፣ እንደማይከፈልም ሰምቼ ወጣሁ። ለእናቴ «እየተጠየቀ ነው» አልኳት።

ጥር 27

ውሃ አልመጣም። ቤታችን ከተማውን ለሚያጠጡት ለዓይናለም ጉድጓዶች ቅርብ ነው፤ በጀሪካን እንገዛለን።

ለጽሑፉ፦ ጀማሪ መምህር እጁ የሚገባው ዘጠኝ ሺህ ገደማ። ከዚያ አሥር በመቶው ለዕዳ ቢሄድ 900። የዛሬ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ሲወጣ የሚጠብቀው ዕዳ ወደ 110,000። ለመጨረስ አሥር ዓመት ከሁለት ወር። በተመረቀበት ወር ሥራ ካገኘ። ደመወዝ በየወሩ ከተከፈለ። ካልታመመ።

ሰዳም በግል ትምህርት ቤት ስድስት ሺህ ነበር የሚከፈለው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወሮች አላገኛቸውም።

ወዳጄ ጣሰው ከከፈተው መድኃኒት ቤት ጎራ ብዬ የፋርማሲ ባለሙያ ደመወዝ ጠየቅኩ። ከመምህሩ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ለጽሑፉ ነው፤ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል።

የካቲት 2

ሓወልቲ አጠገብ ካለ ካፌ መምህር ገብረተንሳኤን አገኘሁ። ሒሳብ ያስተምራል፤ ሸሚዙ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ አለ።

«በዓመት ሠላሳ ልጅ ይመደብልናል» አለኝ። «ስንቱ ፈልጎ የመጣ ይመስልሃል?»

«አሥሩ?»

«ትቀልዳለህ። ሦስት። የቀሩት ነጥብ አንሷቸው የወረዱ ናቸው። ክፍል ስገባ እንደ ዘበኛ ነው የሚያዩኝ። እስር ቤት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ እንዴ?» ሳቀ። «ዘንድሮ ግን አንዲት ልጅ አለች። ነጥቧ የተሻለ ቦታ ያስገባት ነበር። ሒሳብን አንደኛ አድርጋ ሞልታ፣ እንዳትቀይሩብኝ ብላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ሀፊሳ ትባላለች። የወሎ ልጅ መሰለችኝ፣ እንዳንተ።»

ስሟን ጻፍኩት፣ ከዚያ ሰረዝኩት። ቤት ውስጥ «ገና እያሰብኩ ነው» ነበር የምትለኝ።

«የሷን ታሪክ ብትጽፍ ጥሩ ነው» አለኝ። «አንድ ደስ የሚል ነገር ይኑርበት።»

ሒሳቡን እሱ ከፈለ። እምቢ ማለት ነበረብኝ።

የካቲት 3

ከሀፊሳ ጋር ተነጋገርን። እንደ ታላቅ ወንድም ረጋ ብዬ ለመጀመር አስቤ ነበር።

«መቼ ልትነግሪን ነበር?»

«ተቆጥተህ የምትጨርስበትን ቀን ስትነግረኝ፣ አያ ኸድር።»

ፋርማሲ ጠቀስኩላት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጥቧ ለፋርማሲ በጥቂት አይደርስም፤ አንድ የግል ኮሌጅ ግን ይቀበላታል። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 44,000 ነው። እዚህ ያለውን ብታቋርጥ የአንድ መንፈቅ ዕዳ ብቻ ይኖርባታል። ከተመረቀች ጣሰው ራሱ ይቀጥራታል። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ አሳየኋት።

«አርባ አራት ሺውን ከየት?» አለች።

ወረቀቱን አስተካከልኩ። እሷም ወደ እናቴ ክፍል አየች፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ።

«ጥሩ ሠንጠረዥ ነው» አለች። «ለጋዜጣው ይሆናል።»

ድምፄን ከፍ አድርጌባት ነበር። ምን እንዳልኩ አልጽፈውም።

የካቲት 6

ከጁምዓ በኋላ ሸኽ ሐቢብን ጠየቅኳቸው። ሰዳምን ያሰገዱበት እሳቸው ናቸው።

«ባለ ገንዘቡ ዐውፍ ካለ፣ ይቅር ካለ፣ ከነፍሱም ከአንተም ወረደ» አሉኝ። «ዐውፍ ካላለ አንገትህ ላይ ነው። ሰው ፊት ተናግረሃል።»

«ባለ ገንዘቡ መንግሥት ነው፣ ሸኽዬ።»

«እንግዲያ መንግሥትን ጠይቀው።»

«ይሰማል?»

«ሲወስድ ይሰማል። ሲምር አላውቅም።» ክንዴን ያዙኝ። «ግን ልጄ፣ መክፈል እየቻሉ ምሕረት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። እሱን ራስህ ታውቀዋለህ።»

መክፈል አልተፈቀደልኝም ብዬ ነገርኳቸው። እውነት ነው፤ እስካሁን አልተፈቀደልኝም።

የካቲት 8

ለእናቴ ቁቧ ደረሳት። 48,000፣ ባንክ ገብቷል። ሴቶቹ መጥተው ተሳሳቁ። አንዷ «ሙሚና፣ ፍሪጅ ግዢ እንግዲህ፤ ረመዷንም ደረሰ» አለቻት። እናቴ «ቀዝቃዛ ውሃ የሚያምረው ያረፈ ሰው ነው» ብላ መለሰች። ሳቁ ቆመ።

የካቲት 13

ትምኒት ደወለች።

«ኸድር ሓወይ፣ አለቃዬን ጠይቄልሃለሁ። ቤተሰብ መክፈል ይችላል። የሞት ማስረጃውን ይዘህ ና፤ ደረሰኝ በስሙ ይቆረጣል፤ የተያዘውን ዋናውን ዲግሪም ትወስዳላችሁ። ይሰረዝልን ካላችሁ ግን ኮሚቴ ነው። መጋቢት 9 ይሰበሰባል።»

«ይሰርዙት ይሆን?»

«ሲሰርዙ አላየሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲከለክሉም አላየሁም። የጠየቀ ሰው የለም።»

ማመልከቻውን እንድታስገባልኝ ነገርኳት። 31,740 የሚያህል ገንዘብ ያለ ጥያቄ መስጠት ተገቢ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ቢሆንም አሠራሩ መታወቅ አለበት። ለጽሑፉም ይጠቅማል።

ለእናቴ «ለኮሚቴ ቀርቧል» አልኳት። ውሸት አይደለም።

«ኮሚቴ ስንት ሰው ነው?»

«አምስት ይሆናል።»

«ያ ረቢ! አምስት ሰው ለአንድ ሬሳ ይሰበሰባል?» መቁጠሪያዋን እያነሣች «ጥሩ ሰዎች ይሆናሉ» አለች።

የካቲት 16

ጽሑፉን ለዳኒ ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ቁጥሩ ንጹሕ ነው። ሰው ግን የለበትም። ተመራቂ አናግር።»

ሁለት አናግሬ ነበር። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ «ሁኔታው አስቸጋሪ ነው» ነው ያሉኝ። እንደገና ብደውል አንዱ ስልኩ ዝግ ነው። ሌላው ወደ ጅቡቲ ሄዷል አሉኝ።

ለማፍጠር አንድ ሰዓት ሲቀር እንዲህ ጻፍኩ፦ «ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገ የሒሳብ ተመራቂ “ደመወዙ የጠመኔው ነው፤ ሒሳቡን በነፃ ነው የማስተምረው” ይላል።»

ላክሁት። ዳኒ «ይኸው! ይኼ ልጅ ከየት ተገኘ?» ብሎ መለሰ።

የጻፍኩት «ይል ነበር» ሳይሆን «ይላል» ብዬ ነው። ኋላ ላይ አየሁት። ማስተካከል እችል ነበር።

የካቲት 21

ወጣ። ርዕሱን ዳኒ ቀይሮታል፦ «ዲግሪው አሥር ዓመት ያስከፍላል»።

ሀፊሳ በቴሌግራም አግኝታዋለች። ስልኳን ይዛ የክፍሌ በር ላይ ቆመች።

«ልጠይቅህ እችላለሁ፣ ወይስ ጋዜጠኛ አይጠየቅም?»

«ጠይቂ።»

«ካልታመመ፣ ደመወዙ ካልተቋረጠ፣ ሥራ ካላጣ ብለህ ቀንሰህ ቀንሰህ ሄደሃል። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ወርቅ ፍለጋ ይሄዳል። ስንት ተመራቂ ቆጥረህ ነው?»

«ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌማ አይደለም፤ ሰዳም ነው።» ድምፅዋን አላነሣችም። «ገብረተንሳኤ ሒሳብ ተምሮ የለ? ሦስት ልጅ ያሳድጋል። እሱን የት አስገባኸው?»

ገብረተንሳኤን በአንድ አንቀጽ ጠቅሼዋለሁ አልኳት። ስለ ሦስቱ ልጆች ግን አልጠየቅኩትም ነበር።

«ፋርማሲስት አይሞትም ወይ?» አለች።

ከክፍሌ እንድትወጣ ነገርኳት። ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፤ ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 22

እናቴ ማንበብ አትችልም። የምጽፈውን ሁሉ ሀፊሳ ታነብላታለች። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ይህንንም አነበበችላት። እኔ ሳሎን ነበርኩ።

«እዚያ ላይ ተመለሺ» ስትል ሰማሁ። «የጠመኔው ላይ።»

ሀፊሳ ደገመችላት። ከዚያ እናቴ ጠራችኝ።

«ይህን ያለህ ማነው?»

«አንድ ተመራቂ ነው።»

«ስሙን?»

«እንዲጠቀስ አልፈለገም።»

«ለጋዜጣ እንጂ ለእኔ ነው?» ከዚያ «ሰዳም እንዲህ ይል ነበር» አለች።

«ብዙ ሰው ይለዋል፣ እማ።»

አሰበች። ፊቷ በራ ብል አልዋሸሁም። «አብሮት ያስተምር የነበረ ልጅ ይሆናል። ከሱ ነው የሰማው። ወይም ሰዳም ከሱ ሰምቶ። ቤት አምጣው፣ ኸድሬ። ከእኛ ጋር ያፍጥር። ስሙን አልጠይቀውም።»

ሀፊሳ ስልኩን አጥፍታ ተነሣች። አላየችኝም።

እሺ አልኩ።

የካቲት 25

እናቴ ሳምቡሳ አብዝታ ጠቀለለች። «ዛሬ ነው?» አለች። ሥራ በዝቶበታል አልኳት።

ዳኒ ደወለ፤ ጽሑፉ ብዙ ተነቧል። ክፍያው በሳምንቱ መጨረሻ ይገባል ብሏል። ሌላ እንድሠራ ይፈልጋል፤ «ያንኑ ልጅ ይዘህ፣ ሙሉ ታሪኩን»።

የካቲት 27

ኮሌጁ ሄድኩ። ንጹሕ ግቢ ነው፤ ቀለሙ አዲስ ነው። ምዝገባ መጋቢት 4፣ ዓርብ፣ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። አሁን ከፍዬ ቦታ ብይዝላት ተማሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ብትፈርም ይበቃል አሉኝ። የተማሪዋ ፈቃድ አያስፈልግም ወይ ብዬ ስጠይቅ ሬጅስትራሩ ሳቀ። «አንተ ወንድሟ አይደለህ? የከፈለ ሰው ፈቅዷል ማለት ነው።»

የኮሌጁን የባንክ ቁጥር ጽፌ መጣሁ። ጠየቅኩ እንጂ አልከፈልኩም።

ዛሬም ለእንግዳው ቦታ ተትቶለት ነበር። ከከተማ ወጥቷል አልኳት። «የት?» ወደ ምዕራብ፣ አልኩ። ከአፌ ነው የወጣው። እናቴ ቴምሩን እንደያዘች ቀረች። «ወርቅ ነው?» አለች። «አላውቅም» አልኩ። ዱዓ አደረገችለት፤ ረዥም። ከሰዳም ዱዓ ቀጥላ፣ ከሀፊሳና ከእኔ በፊት።

የካቲት 29

ምንም የለም። ባንክ ሰልፍ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የለም ይላሉ። ዝውውር ይሠራል።

የሀፊሳን ዕዳ እንደገና አሰላሁ። ምግቡን ቤት ብትበላ ይቀንሳል፤ ወደ ስምንት ዓመት ይወርዳል። ጽሑፉ ላይ ይህን አላስገባሁም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 2

ሀፊሳ ዛሬ ወጪ መጋራት ቢሮ ሄዳ ነበር። የኮሚቴውን ጉዳይ ልትጠይቅ። ትምኒት «ወንድምሽ እኮ መክፈል እንደሚችል ከነገርኩት ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው» አለቻት።

ከመንገድ ጠራችኝ። ቤት ውስጥ አታነጋግረኝም፤ ሓወልቲ መታጠፊያው ላይ ቆመን ነበር። ባጃጆች ይጮኻሉ።

«እማ በየሌሊቱ እየተነሣች ነው» አለች። «ለሱሑር ምግብ አይደለም። ታውቃለህ።»

«ኮሚቴው ከሰረዘው ሠላሳ አንድ ሺው ይተርፋል። ላንቺ ነው የማስበው።»

«ለእኔ አታስብ። ለእኔ እያሰብክ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

የመጣ ባጃጅ አሳለፈች፣ ሌላም አሳለፈች።

«ሰዳም ጉድጓድ የገባው ሒሳብ ስለተማረ አይደለም» አለች። «ሦስት ወር ስላልከፈሉት ነው። እነሱ ላይ ለምን አትጽፍም?»

ማስረጃ የለኝም አልኳት። ውሉ በቃል ነበር። አነጋገሬ ለአዘጋጅ የምመልሰው ዓይነት ነበር።

«የጋዜጣውን ልጅ ለእማ አልነገርኳትም» አለች። «አልነግራትምም። የሱ ይቅር። የገንዘቡን ግን እስከ ዓርብ ማታ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ እኔ ነኝ የምነግራት።»

«ኮሌጁን ብከፍልልሽስ?»

«ገንዘቡን ትከፍላለህ፣ ለባዶ ወንበር። የትምህርት ክፍል ምርጫ መቀየሪያውም ዓርብ ነው የሚዘጋው። አልቀይርም፣ አያ ኸድር። ላስገድድሽ ካልክ አስገድደኝ፤ ትችላለህ። እማ አንተ ያልከውን ነው የምትሰማው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ የጀርባ ቦርሳዋ በሩ ላይ ተያዘ፤ አላቀቅኩላት። አላመሰገነችኝም።

መጋቢት 3

የጋዜጣው ክፍያ ገባ፤ 2,500።

ለትምኒት ደወልኩ። ብከፍል ማመልከቻው ምን ይሆናል አልኳት። «ይዘጋል» አለች። «የተከፈለ ነገር አይሰረዝም።» ኮሚቴው እንዲሰርዘው ማድረግ የምንችልበት ነገር ካለ ጠየቅኳት። «ሓወይ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ብትደውልላቸው ይፈራሉ። ግን ለወንድምህ እንዲህ ያለ ነገር ትፈልጋለህ?» አልፈልግም አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት።

ከጣሰው ጋርም ተነጋገርኩ። ፋርማሲ የሚማሩ ልጆች በዝተዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን እንጃ አለኝ። ባለፈው ጊዜ ይህን አልጠየቅኩትም ነበር።

ካፈጠርን በኋላ እናቴ ስልኳን አመጣችልኝ። የባንኩን የምስጢር ቁጥር አታስታውስም፤ ወረቀት ላይ አስጽፋ ከሽፋኑ ሥር አስቀምጣዋለች። አውጥታ ሰጠችኝ።

«አንተ ጋ ይሁን» አለች። «ሰዎቹ ድንገት እሺ ካሉ እኔን ፍለጋ ገበያ ድረስ አትንከራተት።»

«አርባ ስምንት ሺው ሁሉ ነው ያለው፣ እማ።»

«አውቃለሁ። የሰዳምን ከፍለህ የቀረውን ለሀፊሳ ደብተር።» ሀፊሳ ዕቃ እያነሣች ነበር። ቆመች። እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ እንደ ምስጢር፣ «ሒሳብ ነው አሉኝ የመረጠችው፤ እንዳትቆጣት» አለችኝ። «የሱን መጽሐፎች ከሣጥኑ አውጥቼላታለሁ። አይጥ ሳይበላቸው።»

አልተቆጣሁም። የምስጢር ቁጥሩን ከኮሌጁ የባንክ ቁጥር ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ሁለቱን ለየሁ። አሁን ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

ኮሌጁ ነገ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። ትምኒት ያለችበት ቢሮ በአሥራ አንድ።